ስምን ማን ያወጣዋል?

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አርፍጄ ነው የምነሳው። ታላቅ እህቴ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ባለፈው ቅዳሜ ግን ገና ጎህ ሳይቀድ ደወለች። በእኔ ዕድሜ ሳይነጋ የሚደወል ስልክ ደግ ነገር ይዞ አይመጣምና እየተደናበርኩ አነሳሁት።

«ስም አወጡላት» አለች። ደህና አደርክ የለ፣ እንዴት ነህ የለ።

«ለማን?»

«ለማን ትለኛለህ እንዴ! ለልጅቷ ነዋ!»

ልጅቷ የእህቴ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ናት። ኦስሎ ከተማ ከተወለደች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች።

«ማን አሏት?»

በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ለካ ጽፋ ይዛዋለች። «ሲ… ሲግ… ሲግሪድ። በል አንተ የተማርከው፣ ይኼ የሰው ስም ነው ወይስ የመድኃኒት?»

መሳቅ አማረኝ፤ ድምጿ ግን ለሳቅ የሚመች አልነበረም። እህቴ የእናታችን ስም ለሕፃኗ እንዲወጣ ትፈልግ ነበር። የምትወለደው ሴት መሆኗን ከሰማችበት ቀን ጀምሮ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ልጇን ልታርስ ደግሞ ከአራት ወር በፊት ቪዛ ጠይቃ ተከልክላለች። የገንፎው ዱቄትና የተነጠረው ቅቤ እስካሁን ጓዳዋ ውስጥ ተቀምጠዋል። ስሙ ነበር የቀራት።

«አንተን ትሰማሃለች፤ ደውለህ አስቀይርልኝ። ስም ለማስመዝገብ ስድስት ወር ይሰጧቸዋል አሉ» ብላኝ ዘጋችው። የአገሩን ሕግ ሳይቀር አጣርታለች። እውነቷን ነው፤ በኖርዌይ ወላጆች ልጃቸው በተወለደ በስድስት ወር ውስጥ ስም መርጠው ማሳወቅ አለባቸው።

እኛ ዘንድ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። መልአኩን እኔ አንድም ቀን አላየሁትም። እኔ ያየኋቸው ስም አውጪዎች የሆዳቸውን ብሶትና ተስፋ አራስ ልጅ ላይ የሚጭኑ ሰዎች ናቸው። ከጎረቤቱ ጋር በድንበር የተካሰሰ አባት ልጁን «አይችሉህም» ይለዋል። ዘመድ ያለቀበት «ጥላሁን» ይለዋል። የእህቴም ስም «ካሳ» የሚለውን ቃል የተሸከመ ነው። (ሙሉውን አልጽፈውም፤ ጋዜጣ ላይ ካየችው ዳግመኛ ቡና አታጠጣኝም።) ከእርሷ በፊት የተወለደው ወንድማችን በጨቅላነቱ ሞተና እርሷ ስትመጣ ካሳ ተባለች። ከስድሳ ዓመት በላይ የማታውቀውን ልጅ ዕዳ ስትከፍል የኖረች ይመስለኛል፤ ለአባታችን ወንድ ልጅ፣ ለእኔ ሁለተኛ እናት፣ ለቤተ ዘመዱ ሁሉ ተላላኪ ሆና።

እናላችሁ፣ ወደ ኦስሎ ከመደወሌ በፊት ወደ መጻሕፍቴ ሄድኩ። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ችግር ሲገጥመው ሌላ መሄጃ የለውም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሲግሪድ የጥንት ስም ነው። ከሁለት የድሮ ኖርዲክ ቃላት የተጋጠመ ነው፤ አንደኛው «ድል»፣ ሁለተኛው «ውብ» ማለት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም አልኩ። እኛ እኮ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለያይተን ነው የምናድለው። ድሉን ለወንዱ እንሰጠዋለን፤ አሸናፊ እንለዋለን፣ ድሉ እንለዋለን። ውበቱን ለሴቷ እንተውላታለን፤ ውቢት፣ ቆንጂት እንላታለን። ደንቡን የሚያፈርስ ስም አይጠፋም፤ ልማዱ ግን ይኸው ነው። እነዚያ የሰሜን ሰዎች ደግሞ ሁለቱንም በአንዲት ሴት ልጅ ላይ ደርበው አኖሩት። ስሙ ሲያጥር «ሲሪ» ይሆናል። በአይፎን ስልክ ውስጥ የምትናገረው «ሲሪ»ም ከዚሁ የመጣች ናት። ከመሥራቾቹ አንዱ የኖርዌይ የዘር ሐረግ ያለው ሰው ስለነበር ነው ስሙን የመረጠው። ስንቱ ሰው የጥንት ስም በኪሱ ይዞ እንደሚዞር አያውቅም።

ቀጥሎ ስሙን የተሸከሙትን ሴቶች ፈለግሁ። የመጀመሪያዋን ያገኘኋት የአይስላንዱ ስኖሪ ስቱርሉሶን በ13ኛው መቶ ዘመን በጻፈው የነገሥታት ታሪክ ውስጥ ነው። «ኩሩዋ ሲግሪድ» ይሏታል፤ የስዊድን ንግሥት ናት። የኖርዌዩ ንጉሥ ኦላቭ ትሪግቫሶን ሊያገባት ይፈልግና ክርስትና ተነሺ ይላታል። የአባቶቿን እምነት እንደማትተው ስትነግረው በጓንቱ ፊቷን ይመታታል። እርሷ ቂሟን ቋጥራ ትቆያለች፤ በ1000 ዓ.ም. ገደማ ንጉሡ በባሕር ላይ ጦርነት ሲወድቅ ጠላቶቹን በማስተባበሩ እጇ ነበረበት ይላል ትረካው። የታሪክ ሰዎች እንዲህ ያለች ሴት ጨርሶ መኖሯን ይጠራጠራሉ። ክርስትና አልነሳም ያለችን ንግሥት ታሪክ ለእህቴ መንገር አያዋጣምና ይህቺን ለራሴ ያዝኳት።

ሁለተኛዋ የሆሊውድ ተዋናይት ሲግሪድ ጉሪ ናት። ፕሮዲዩሰሩ ሳሙኤል ጎልድዊን በ1938 «የማርኮ ፖሎ ጀብዱዎች» በተባለው ፊልም ከጋሪ ኩፐር ጋር ሲያሠራት ከኖርዌይ ፊዮርዶች የመጣች ውብ ብሎ ለዓለም አስተዋወቃት። ኋላ ጋዜጦች ጉድ አወጡ፤ ሴትዮዋ የተወለደችው ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ነበር። መንታ ወንድሟ ክኑት ሃውኬሊድ ደግሞ በ1943 ናዚዎች የያዙትን የቬሞርክ የከባድ ውሃ ፋብሪካ ካፈረሱት የኖርዌይ አርበኞች አንዱ ነው። ለስሙ ውበቱ ለእህት፣ ድሉ ለወንድም የደረሰ ይመስላል። በእኛ ዘመን ደግሞ በ1996 የተወለደች፣ በስሟ ብቻ «ሲግሪድ» ተብላ የምትታወቅ ዘፋኝ አለች።

እኔን ግን አላስተኛ ያለችኝ ሲግሪድ ኡንሴት ናት። ለዓመታት የኢብሰንን «የአሻንጉሊት ቤት» አስተምሬያለሁ፤ ስለ ኖራ ስንት ሰዓት እንደለፈለፍኩ ተማሪዎቼ ይመስክሩ። ወንድ ስለፈጠራት ኖርዌያዊት ይህን ያህል ስናገር፣ ራሷ ብዕር ስላነሳችው ኖርዌያዊት አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አልሰጠሁም። ያስተዛዝባል።

ኡንሴት በ1882 ዴንማርክ ውስጥ ተወለደች። የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ቤተሰቡ ወደ ኖርዌይ ተመለሰ። የአርኪዮሎጂ ሊቅ የነበረው አባቷ የሞተው እርሷ አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ እናቷንና እህቶቿን ለመደገፍ ቢሮ ገብታ ጸሐፊ ሆነች፤ ቀን የሰው ደብዳቤ እየጻፈች፣ ማታ የራሷን ልቦለድ እየጻፈች አሥር ዓመት ቆየች። ስለ መካከለኛው ዘመን የጻፈችውን የመጀመሪያ ረቂቅ ያየው አሳታሚ፣ ታሪካዊ ልቦለድ ያንቺ ሙያ አይደለም፣ ተዪው አላት። በ1928 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲሰጣት በዋናነት የተጠቀሰላት የመካከለኛውን ዘመን ሕይወት የገለጸችበት ኃይል ነው። ሽልማቱን ካገኙ ሴቶች ሦስተኛዋ ናት።

ከ1920 እስከ 1922 በሦስት ቅጽ ያወጣችው ታላቅ ሥራዋ «ክርስቲን ላቭራንስዳተር» ይባላል። ርዕሱን ወደ አማርኛ መልሱት፤ «የላቭራንስ ልጅ ክርስቲን» ነው። ልክ እንደኛ፣ ስም ከነአባት! የኖርዌይ ገጠር ልጁን በአባቱ ስም ሲጠራ ኖሮ በ1923 የወጣ ሕግ ነው እያንዳንዱ ቤተሰብ ከትውልድ ትውልድ የማይለወጥ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ያስገደደው። ክርስቲን አባቷ የመረጠላትን ትታ የወደደችውን ታገባለች፤ የቀረውን ዕድሜዋን የምርጫዋን ዋጋ ስትከፍል ትኖራለች። አባትና ልጅ እየተዋደዱ እንዴት እንደሚጎዳዱ እንደዚህ የጻፈ ሰው ብዙ አላነበብኩም።

ሲግሪድ ራሷስ ድልና ውበቷን አገኘች? በ1915 የወለደቻት ልጇ ማረን ሻርሎተ የአእምሮ ዕድገት ችግር ነበረባት። «ሻርሎተ» የኡንሴት የእናቷ ስም ነው። ለካ ኖርዌዮችም የአያትን ስም ለልጅ ልጅ የመስጠት ነባር ልማድ አላቸው፤ እህቴ ብትሰማ እንዴት ደስ ባላት! ኡንሴት የኖቤል ገንዘቧን ለራሷ አላስቀረችም። ከፊሉን እንደ ልጇ ያሉ ልጆችን ቤታቸው ለሚያሳድጉ ወላጆች መርጃ አደረገችው፤ መርጃው የተሰየመውም በልጇ ስም ነው። በ1939 ልጇም እናቷም ሞቱ። በሚያዝያ 1940 ጀርመን ኖርዌይን ስትወር ታላቁ ልጇ አንደርስ በውጊያ ተገደለ። ናዚዎችን ስትቃወም የኖረች ናትና አገሯን ጥላ ተሰደደች፤ በስዊድን፣ በሳይቤሪያና በጃፓን ዞራ አሜሪካ ገባች። የተቀመጠችው የት መሰላችሁ? ብሩክሊን። ያቺ ተዋናይት የተወለደችበት ብሩክሊን። ጦርነቱ ሲያበቃ በ1945 ወደ አገሯ ተመለሰች፤ በ1949 ሊለሃመር ከተማ ውስጥ አረፈች።

ይህን ሁሉ በማስታወሻዬ ይዤ እሑድ ማታ ኦስሎ ደወልኩ። እውነቱን ለመናገር ማንን እንደምከራከርለት አላውቅም ነበር፤ ለእህቴም ለስሙም መቆም አምሮኛል። የእህቴን ልጅ ስለ ኡንሴት ጠየቅኋት።

«እሷ ደግሞ ማናት ጋሼ?»

«የኖቤል ተሸላሚዋ ናታ! ስሙን ከዚያ አላመጣችሁትም?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። «አዋላጇ ናት ጋሼ» አለችኝ።

ምጡ የጀመራት ሌሊት ባሏ ለሥራ ሌላ ከተማ ነበር፤ በረዶ መንገዱን ዘግቶበት የደረሰው ልጅቷ ከተወለደች በኋላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አብራት የነበረችው አዋላጅ ጠዋት ተረኛዋ መጣችላትና ልትሄድ ኮቷን ለበሰች። «በሩ ጋ ደርሳ ዞር ብላ አየችኝ። ኮቷን አውልቃ ተመለሰች። እማዬ፣ እማዬ እያልኩ ስጣራ ቋንቋውን ባታውቅም ገባት። እጄን ሳትለቅ ስድስት ሰዓት ሙሉ አብራኝ ቆየች» አለችኝ። የሴትዮዋ ስም ሲግሪድ ነው። «ወረቀቱን ገና አልላክነውም። እማዬ ካልመረቀችው አንልከውም።»

ያ ሁሉ ንጉሥና ንግሥት፣ ያ ሁሉ ኖቤል ማስታወሻዬ ውስጥ ቀረ።

በማግስቱ ከሥራ በኋላ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። ይህ በስልክ የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። ቡናው እስኪፈላ ስለ ስሙ ትርጉም፣ ስለ ድልና ውበት አወራኋት፤ ረከቦቱን እያስተካከለች «እህ» ብቻ ትለኛለች። ስለ አዋላጇ ስነግራት እጇ ቆመ። ከሰሉን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እኔ የሰው ምትክ ሆኜ ተወለድኩ» አለች ቀስ ብላ። «አሁን ደግሞ በእኔ ምትክ ሰው ቆመ።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። ሰላሳ ዓመት ስለ ሥነ ጽሑፍ የተናገረ አፍ እንዲህ ጊዜ አይረዳም። ያበሳጫት የስሙ እንግድነት እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። ልጇ ስትጣራ የሌላ ሴት እጅ እንደደረሰ ያን ስም በሰማችበት ጠዋት ጠርጥራለች፤ እናት ናትና። ያ ቦታ የእርሷ ነበር። ስሙ በተጠራ ቁጥር አለመኖሯን ሊያስታውሳት ነው። ይህን የሚያክል ሐዘን በኖርዲክ ቃላት ትርጉም ላባብል መነሳቴ አሳፈረኝ።

ሁለተኛው ቡና ከተቀዳ በኋላ ነው የተናገረችው።

«ልጆች አሏት?»

«ማን?»

«አዋላጇ ናታ!»

አላውቅም አልኳት።

«ጠይቅልኝ። ነጠላ እልክላታለሁ። ለትንሿም ለትልቋም፤ ጥለቱ አንድ ዓይነት ይሁን።» ትንሽ ቆይታ፣ «የእናታችን ስም ግን አይቅር። ሁለት ስም አይፈቅዱም?» አለችኝ። ይፈቅዳሉ፤ ሁለት ስም ያለው ኖርዌያዊ ሞልቷል አልኳት። ለሰማንያዋ ደግሞ የክርስትና ስሟ አለ፤ እርሱን ካህኑ ይጨነቁበት።

ስነሳ ወረቀቷን አምጥታ በደንብ ጻፍልኝ አለች። ጻፍኩላት። የእህቴ ልጅ እንደነገረችኝ ብዙ ኖርዌዮች የመጨረሻዋን «ድ» በአፋቸው አይጠሯትም፤ ይህንንም ነገርኳት።

«ታዲያ ምን አስለፋኝ!» አለች። «ሲግሪ ነዋ። ሲግሪዬ።» አንድ ሁለት ጊዜ ለራሷ ደጋገመችው። ከዚያ ስልኩን አንስታ ለልጇ ደወለች። እኔ ጫማዬን ሳስር ምርቃቱ ተጀምሮ ነበር።