የፈረቃው ግንቦት

እሑድ፣ ግንቦት 11 ቀን 2011

ፈረቃው በይፋ ተነገረ። የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ቀንሶ የ476 ሜጋዋት ጉድለት መጥቷል፤ መብራት በተራ ሊሆን ነው። እስከ ዛሬ ሲጠፋ ሻማ እያበራን፣ ሲመጣ እልል እያልን ኖረናል። አሁን ግን የእማዬ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ነው። የተከፈተው ብልቃጥ በአዲስ አበባ አየር አንድ ወር ያህል ከፍሪጅ ውጭ ቢቆይ ችግር የለውም፤ የሚያሳስበኝ ያልተከፈተው ነው። እሱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ፍሪጁ ደግሞ በሩ ሳይከፈት ቅዝቃዜውን የሚይዘው ለአራት ሰዓት ያህል ነው። ባለቤቴ «ትንሽ ጄኔሬተር እንግዛ» አለች፤ ተስማማን።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

መርካቶ ዋልኩ። ከቤት ስወጣ የምንፈልገውን ደምረን ነበር። አምፖሎቹ፣ ቴሌቪዥኑና የስልክ ቻርጀሮቹ አንድ ላይ 300 ዋት አይሞሉም። ፍሪጁ ሲሠራ ትንሽ ነው የሚበላው፤ ሞተሩ ሲነሣ ግን ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ጄኔሬተር የሚመረጠውም ለዚያች ቅጽበት ነው። የእንጀራ ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚፈልግ ከሒሳቡ ወጣ። እንጀራ መብራት ባለበት ተራ ይጋገራል።

ገዢም ሻጭም የማያነሣው ነገር ከፍታው ነው። ማሽኑ ላይ የተጻፈው ጉልበት ባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠችው አዲስ አበባ ሩቡን ያህል ትወስዳለች። 2 ኪሎዋት ብለው የሚሸጡት እኛ ግቢ ሲደርስ አንድ ተኩል ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑም ይበዛበታል፤ ካንዴላው የሚጠቁረው ለዚህ ነው። 2.5 የተጻፈበትን ወሰድኩ።

ሻጩ በሁለቱም ጫፍ መሰኪያ ያለው ገመድ ሊመርቅልኝ ፈለገ። «አንዱን ጄኔሬተሩ ላይ፣ አንዱን ሳሎን ሶኬት ላይ ትሰካዋለህ፤ ቤቱ በሙሉ ይበራል» አለኝ። እዚያው ትቼለት ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 17

ኤሌክትሪሺያኑ ጠዋት መጥቶ ቼንጅ ኦቨር የሚሉትን መቀያየሪያ ከቆጣሪው ቀጥሎ ገጠመ። እጀታው ወደ ላይ ሲሆን ከምሰሶው የሚመጣው መስመር ይገባል፤ ወደ ታች ሲሆን ጄኔሬተሩ፤ መሐል ላይ ሁለቱም ተቆርጠዋል። አንድ ላይ ሊገናኙ የሚችሉበት መንገድ የለም።

ስለዚያ ገመድ ነገርኩት። መሣሪያውን አስቀምጦ መስኮቱ ላይ ወደሚታየው ትራንስፎርመር ጠቆመኝ። ትራንስፎርመሩ 15,000 ቮልት ተቀብሎ ለቤታችን 220 አድርጎ ይሰጠናል። ከቤት ወደ መስመሩ 220 ከተላከበት ሥራውን ገልብጦ ይሠራል፤ 220ውን ወደ 15,000 ያነሣዋል። መስመሩ ተቆርጧል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ የሚሞተው እንዲህ ነው። «እኔም እዚያ ላይ ወጥቼ አውቃለሁ» አለኝ፤ ድምፁ ተቀይሮ። ያ ሠራተኛ እኛ መብራት እንድናገኝ ብሎ በዝናብ የወጣ የሰው ልጅ ነው። መቀያየሪያ የሌለው ቤት ማሽኑን ግድግዳ ላይ ካለ ሶኬት ጋር በፍጹም ማገናኘት የለበትም። ወፍራም ኤክስቴንሽን ከጄኔሬተሩ አውጥቶ ፍሪጁን በቀጥታ እሱ ላይ መሰካት ይበቃል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 20

ማታ የእኛ ተራ ነበር። ማሽኑን ከመስኮቶቹ ስምንት ሜትር ያህል አርቄ፣ ማርሚታውን ወደ መንገዱ አዙሬ አስነሣሁት። አምፖሎቹን ከማብራቴ በፊት ፍሪጁን ብቻውን አስገባሁ፤ ሞተሩ ትንሽ አቃሰተና ተረጋጋ። የጎረቤታችን የሐጂ ቤት ጨለማ ነበር፤ ረመዳን ነው፣ ማፍጠሪያው ደርሷል። በአጥሩ ላይ ገመድ አሻገርንላቸው። «ልጄ፣ ለእናትህ መድኃኒት የሚያስፈልገው ኃይል ይቀንሳል» ብለው ሲከለክሉን ሁለት አምፖል ፍሪጁን እንደማይጎዳው አስረዳኋቸው። ሳምቡሳውና ሾርባው በዚያው አጥር በኩል ተመለሰልን። ሦስት ሰዓት ላይ አጠፋሁት፤ ድምፁ ሕፃናት ያሉበትን ቤት ይረብሻል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 29

ከጓሮ ያሉት ጎረቤታችን ጄኔሬተራቸውን ኮሪደር ውስጥ እንደሚያስነሡ ልጃቸው ለልጄ ነገረው። ማታውኑ ሄድኩ። ምክንያታቸው ሌባና ዝናብ ነው፤ እውነታቸውን ነው፣ ውጭ ያደረ ማሽን አይገኝም። «በሩን እኮ ከፍቼ ነው» አሉኝ። በር መክፈት አያድንም። ከሰል ቤት አስገብተው ያደሩ ቤተሰቦችን መርዶ በየክረምቱ እንሰማለን፤ ከጄኔሬተር የሚወጣውም ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ሽታም ቀለምም የለው፣ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። ራስ ምታት ይዞት እንደሆነ ልጃቸውን ጠየቅኩት፤ «ትናንት ማታ» አለ። እናትየው ይህን ስትሰማ ተነሥታ አጠፋችው።

እዚያው ተነጋገርን። ግቢያቸው ጥግ ላይ አራት ቋሚ ተተክሎ ቆርቆሮ ይለብሳል፣ ጎኖቹ ክፍት ይሆናሉ፣ ማሽኑ በሰንሰለት ከብረት ምሰሶ ጋር ይታሰራል። ቆርቆሮው ከእኔ፣ ሰንሰለቱ ከእሳቸው። ኤሌክትሪሺያኑም ቅዳሜ እሳቸው ጋ መጥቶ መቀያየሪያውን ይገጥማል፤ እስከዚያ ፍሪጃቸው ከእኛ መስመር ይሠራል።