ፌኦፍ ነቢይ አይደለም

በሲ ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍ የጀመራችሁ ወጣቶች፣ ፋይል ስታነቡ የመጨረሻው መስመር ሁለቴ ከመጣባችሁ ሉፓችሁን ተመልከቱ። ፌኦፍ የተባለው ፋንክሽን «አለቀ» እስኪል ድረስ አንብብ ብላችሁት ይሆናል። ፌኦፍ ግን ነቢይ አይደለም፤ ፋይሉ ማለቁን የሚናገረው የማንበብ ሙከራው ጫፍ ከደረሰ በኋላ ነው። ከመጨረሻው ቁጥር ቀጥሎ አዲስ መስመር ካለ ሉፑ አንዴ ይደግማል፤ ንባቡ ይከሽፋል፤ ቫሪያብሉ ውስጥ የቀረው አሮጌ ቁጥር እንደገና ይደመራል።

ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በኅብረታችን የወር መዋጮ የሚደምር ፕሮግራም ከሣጥኑ ገንዘብ 50 ብር አብልጦ አሳየ። ገንዘብ ያዧ እህታችን ሦስት ጊዜ ቆጠረች፤ ዐይን ሁሉ እርሷ ላይ ነበር። ኮዱን አብረን ስናየው የጎደለ ገንዘብ አልነበረም፤ በዝርዝሩ መጨረሻ ያለው ሰው 50 ብር ሁለቴ ተቆጥሮ ነው። ይቅርታ የጠየቃት ኮዱን የጻፈው ወንድም ብቻ ነው፤ ይህ እስካሁን ይከነክነኛል።

እናንተ የሚያነበውን ኤፍ-ስካን-ኤፍን ራሱን የሉፑ ቅድመ ሁኔታ አድርጉት። ስምና ብር የምታነቡ ከሆነ፣ 2 እስከመለሰ ድረስ ይደምር። ሉፑ ሲቆም ያኔ ፌኦፍን ጠይቁት፤ «አላለቀም» ካላችሁ አንዱ መስመር ላይ በአኃዝ ፋንታ ፊደል ተጽፎ ይሆናል።