«ነጻ» ስለተባለው ማመልከቻ

በአሜሪካ ሀገር ወደ ኮሌጅ የሚገባ ተማሪ ከመንግሥት የትምህርት ወጪ ርዳታ የሚጠይቅበት ጽሑፍ ፋፍሳ ይባላል። ይህ ስም የአምስት ቃላት መነሻ ፊደሎች ተገጣጥመው ያወጡት ነው፤ ከአምስቱም ቃላት የፊተኛው «ነጻ» ማለት ነው። ቅኔ የለመደ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል ሲያገኝ፥ ሰሙ ይህ ከሆነ ወርቁ ወዴት አለ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በዚህ ስም ውስጥ ግን የተሰወረ ወርቅ የለም። ማመልከቻውን ለመጻፍም፥ ለማስገባትም፥ ስሕተት ቢገኝበት ለማረምም መንግሥት አንዲት ሳንቲም አይቀበልም። ይኸው በስሙ ላይ ተጽፎ ሳለ ስለዚህ ጽሑፍ ገንዘብ የሚከፍል ቤተ ሰብ መገኘቱ ምክንያቱ ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው።

ርዳታው ራሱ ትንሽ አይደለም። ፕሬዚዳንት ሊንዶን ጆንሰን የከፍተኛ ትምህርትን ሕግ የፈረሙት በ1965 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1972 ደግሞ ለተቸገረ ተማሪ የሚሰጥ፥ እንደ ብድር የማይመለስ ርዳታ ተጨመረ፤ በ1980ም ስለዚሁ ነገር በደከሙት በሮድ አይላንድ ሴናተር በክሌይቦርን ፔል ስም ተጠራ። ለ2024–25 የትምህርት ዘመን አንድ ተማሪ ከዚህ ርዳታ ሊያገኝ የሚችለው ከፍተኛው ገንዘብ 7,395 ዶላር ነበር። በዲቪ ሎተሪ ገብቶ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ዜጋ እስኪሆን ድረስ ሳይጠብቅ ማመልከት ይችላል። ብዙ ኮሌጆችና ክፍለ ሀገሮችም የየራሳቸውን ርዳታ የሚያካፍሉት ይህንኑ ጽሑፍ አይተው ነውና፥ ጽሑፉ የአንድ በር ብቻ ሳይሆን የብዙ በሮች ቁልፍ ነው።

ታዲያ ሰው ስለ ምን ይከፍላል? የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ ከደጅ ደጅ ሲዞር፥ የልመናውን ቃል ላስጠናው ሰው ዋጋ ሲከፍል አልታየም። ነገር ግን ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ጥላውን ዘርግቶ የሚቀመጠውን ማመልከቻ ጸሐፊ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። የመንግሥት ጽሑፍ ሁሉ በዐዋቂ እጅ ካልተጻፈ ይወድቃል የሚለው አሳብ ከዚያ ጥላ ሥር የወጣ ነው፤ ባሕርም ተሻግሮ ሄዷል።

በዋሽንግተን አጠገብ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ የቤተ ሰብ አባት ታክሲ እየነዱ፥ ባለቤታቸውም በአረጋውያን መጦሪያ እየሠሩ፥ በብዙ ዓመት ድካም አንዲት አነስተኛ ቤት ገዝተዋል። የመጀመሪያ ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል በደረሰች ጊዜ ማመልከቻውን በትምህርት ቤቷ አማካሪ ፊት ልትሞላ ጀምራ ነበር። አባትየው ግን «የመንግሥት ነገር በልጅ እጅ አይጻፍም» ብለው ከለከሏት፤ ወደ ታክስ ሠሪያቸውም ወሰዷት። የከተማውን መንገድ ሁሉ ያለ መሪ የሚያውቁ ሰው ለአንድ ፎርም መሪ መፈለጋቸው አይፈረድባቸውም፤ በቋንቋ እንግድነት ያልኖረ ሰው ይህን ፍርሃት አያውቀውም። ታክስ ሠሪውም ሁለት መቶ ዶላር ተቀበለ፥ በአንድ ምሽትም ጨረሰው።

የጠፋው ሁለት መቶው ዶላር ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ሕጉ ቤተ ሰቡ የሚኖርበትን ቤት በሀብት አይቆጥርም፤ ለጡረታ በጡረታ ሒሳብ የተቀመጠውንም ገንዘብ አይቆጥርም። ሰውየው ግን ቸኩሎ ወይም ሳያውቅ የቤቲቱን ዋጋ ከሀብት መዝገብ አገባው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮሌጁም ያነበበው ወረቀቱን ስለሆነ እነዚያን ባልና ሚስት ባለጠጎች አድርጎ ቈጠራቸው፥ ለልጅቱም በርዳታ ፈንታ ብድር አቀረበላት። ስሕተቱ በኋላ ተገኝቶ ያለ ዋጋ ታረመ፤ ነገር ግን ኮሌጁ ከራሱ ገንዘብ የሚያካፍለው በዚያን ጊዜ ተካፍሎ አልቆ ነበር።

ሁለተኛውም ነገር ከዚህ አያንስም። ማመልከቻው በየዓመቱ ይታደሳል። ከ2024–25 ዘመን ጀምሮ ተማሪውም ወላጁም እያንዳንዳቸው በስማቸው መለያ መክፈት አለባቸው፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም መክፈት እንዲችል ሆኗል። የዚህ መለያ የምሥጢር ቃል እንደ ፊርማ ነው፤ አውቆ ሐሰት ያስገባ ሰው እስከ 20,000 ዶላር መቀጫ ወይም እስራት ሊያገኘው እንደሚችል በማመልከቻው ላይ ተጽፏል፥ ተጠያቂውም ፈራሚው ነው። ታክስ ሠሪው ግን የአባትየውንም የልጅቱንም መለያ በራሱ ኢሜይልና በራሱ ስልክ ከፍቶት ተገኘ። በሁለተኛው ዓመት ልጅቱ ራሷ ልታድሰው ብትሞክር የማረጋገጫው ቁጥር የሚደርሰው ለእሱ ሆነ። ማኅተሙን ለጸሐፊው ሰጥቶ የሚሄድ ዳኛ ከወዴት ይገኛል?

እንዲህ ያለው ነገር በሰፈር ሰው ብቻ የሚሠራ አይደለም። አንድ የግል ኩባንያ የማመልከቻውን ስም የኢንተርኔት አድራሻው አድርጎ ለብዙ ዓመታት ዋጋ ሲቀበል ከኖረ በኋላ፥ በ2015 የአሜሪካ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ፥ ደንበኞቹን ሳያስታውቅ በየዓመቱ ከካርዳቸው ገንዘብ ይወስዳል ብሎ ከሰሰው፤ 5.2 ሚሊዮን ዶላርም እንዲመልስ ተደረገ። የመንግሥቱ ገጽ ስቱደንት ኤይድ ዶት ጎቭ የሚባለው ነው፤ መጨረሻው «ጎቭ» ያልሆነ፥ የባንክ ካርድም የሚጠይቅ ገጽ የመንግሥት አይደለም።

በእውነት የሚያስከፍል ሌላ ጽሑፍ መኖሩንም መደበቅ አይገባም። አንዳንድ ኮሌጆች፥ ይልቁንም የግሎቹ፥ የኮሌጅ ቦርድን ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል ጨምረው ይጠይቃሉ፤ ዋጋውም ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፥ ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ 16 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። ሆኖም የዓመት ገቢው እስከ 100,000 ዶላር የሆነ የአሜሪካ ነዋሪ ቤተ ሰብ ይህን አይከፍልም። ለኮሌጅ መግቢያ የሚከፈለውም በትምህርት ቤቱ አማካሪ በኩል ለተቸገረ ተማሪ ይማርለታል። ይህን ምሕረት ያልጠየቀ ሰው ግን ሳይገባው ይከፍላል፤ ኮሌጁም ለምን ከፈልህ ብሎ አይጠይቀውም።

አዲሱ ማመልከቻ ከመቶ በላይ የነበሩት ጥያቄዎች ከሃምሳ በታች ወርደውለታል፤ የገቢውንም ቁጥር ወላጁ ሲፈቅድ የግብር መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያስተላልፈዋል። የትምህርት ቤት አማካሪና የኮሌጁ የርዳታ ክፍል ያለ ዋጋ ያግዛሉ። በአሜሪካ ያሉ አጥቢያዎችም በመከር ወራት፥ ማመልከቻው በሚከፈትበት ሰሞን፥ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ክፍል ቢከፍቱ፥ ኮሌጅ የገቡት ወጣቶች ከወላጆች አጠገብ ተቀምጠው ጥያቄውን በአማርኛ ለማስረዳት ይችላሉ። ወላጁ የግብሩን ወረቀትና የገዛ ስልኩን ይዞ ይምጣ፤ የምሥጢር ቃሉን በሚጽፍበት ጊዜ ግን ወጣቱ ፊቱን ወደ መስኮት ይመልስ።