የጫማ ሰፊው ሦስት ቀን

እስቲ ጠጋ በሉ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ጀበናው ገንፍሎ ተመልሷል፤ አቦሉ ሊቀዳ ነው። ጾም ስለሆነ ለቡና ቁርስ ቆሎ እንጂ ሌላ የለኝም።

ገና ሲቃረብ ወሬያችን ሁሉ ወደ በግና ወደ ዶሮ ዋጋ ይሄዳል። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሦስት ቀን ነው። እንዴት እንደደረስሁባቸው ለማስረዳት ግን ከአምናው መጀመር አለብኝ።

አምና የገናን ጾም አንድም ቀን ሳልገድፍ ጾምሁ። ከጥሉላት ተከለከልሁ፤ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየሁ፤ ሽሮውና ምስሩ ሲፈራረቅብኝ አልተማረርሁም። የልደት ሌሊት ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን ቆምሁ። ማኅሌቱ ደምቋል፣ ከበሮው ይመታል፣ ጽናጽሉ ይንሿሿል፣ ጧፉ በየሰዉ እጅ በርቷል። እኔ ግን ሐሳቤ ቤት ነበር። እንቁላሉ ተቀቅሏል ወይ? የከተፍሁት ሽንኩርት ይበቃል ወይ? እንኳን አደረሳችሁ ያላልሁት ዘመድ ማን ቀረ? በቅዳሴው መካከል ካህኑ ልባችንን ወደ ላይ እንድናነሣ ሲያሳስቡ ደነገጥሁ። የማነሣው ልብ አብሮኝ አልነበረም። ያን ሁሉ ቀን ሆዴን ስጠብቅ ልቤን የጠበቀው የለም።

በዓሉ ካለፈ በኋላ የንስሐ አባቴ ለጠበል ጸዲቅ ቤት መጡ። ቡና እየጠጣን ይህንኑ ነገርኋቸው። ይገሥጹኛል ብዬ ነበር። ዝም ብለው ሲያዳምጡኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ በዚያ ሁሉ ቀን ማንም ያላየውን ምን ሠራሽ?» አሉኝ። አሰብሁ፣ አሰብሁ። መጾሜን ቤተሰቤ ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን መሳሜን ጎረቤቱ ያውቃል። የሰጠሁትን ምጽዋት እንኳ ተቀባዩም አላፊ አግዳሚውም አይቶታል። እግዚአብሔርና እኔ ብቻ የምናውቀው ነገር ፈልጌ አጣሁ።

«እንግዲያው አንድ ጫማ ሰፊ ላስተዋውቅሽ» አሉኝ።

መጀመሪያ ጾሙን አስቆጠሩኝ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ልደት ታኅሣሥ 29 ሲውል ቀኑ 44 ይሆናል። ነቢያቱ የክርስቶስን መምጣት እየናፈቁ የጾሙት 40ው ነው። አንዱ ዋዜማው፣ ገሃድ ነው። ሦስት ቀን ይተርፋል። ለሦስቱ ቀን ሊቃውንት ከአንድ በላይ ምክንያት ይሰጣሉ፤ የሐዋርያው የፊልጶስን ደቀ መዛሙርት የሚያነሡም አሉ። የንስሐ አባቴ የተረኩልኝ ግን የአብርሃም ሶርያዊን ነው።

በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ በፋጢማውያን ከሊፋዎች ትገዛ በነበረ ጊዜ በእስክንድርያ መንበር የተቀመጡት ፓትርያርክ አባ አብርሃም ነበሩ፤ ትውልዳቸው ከሶርያ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው፣ ከሊፋው የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል እምነት ያለው ሰው ተራራ እንደሚያፈልስ በወንጌል መጻፉን ሰማ። እውነት ከሆነ ይህንን የሙቀጠምን ተራራ አንሥታችሁ አሳዩኝ አላቸው። ፓትርያርኩ የሦስት ቀን ጊዜ ለመኑ። ክርስቲያኑ ሁሉ ሦስቱን ቀን በጾምና በጸሎት ዋለ፣ አደረ። በመጨረሻ እመቤታችን ለአባ አብርሃም ተገልጣ፣ ወደ ገበያው ውጣ፣ የውኃ እንስራ የተሸከመ አንድ ዓይና ሰው ታገኛለህ፣ ነገሩ በእሱ ይፈጸማል አለቻቸው።

አስቡት። በካይሮ ከተማ ጳጳስ አለ፣ መነኩሴ አለ፣ መጽሐፍ ያወቀ ሊቅ አለ። የተጠቆመው ግን ስምዖን የሚባል ቆዳ ፋቂና ጫማ ሰፊ ነው። እኛ አገር ፋቂ የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ እንደኖረ ታውቃላችሁ። ይህን ታሪክ በስንክሳር ስናነብ ኖረን ያንን ስድብ ከአፋችን ለማውጣት ይህን ያህል መዘግየታችን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

እንስራው ምን ነበር መሰላችሁ? ስምዖን ሰው ከመነሣቱ በፊት ይነሣና ለሕሙማንና ጉልበት ለከዳቸው አረጋውያን ውኃ ያመላልሳል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቆዳውና ወደ መስፊያው የሚሄደው። ፓትርያርኩ ሲያገኙት የለመናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንነቴን ለማንም አይግለጡብኝ። ተራራው ፊት ሕዝቡ በተሰበሰበ ጊዜም ከአባ አብርሃም ኋላ፣ ከሰዉ መካከል ቆመ። ሕዝቡ ኪርያላይሶን እያለ ሰገደ፤ ሲነሣ ተራራው ተነሣ። ደግሞ ሰገደ፤ ደግሞ ተነሣ። ሦስተኛም እንዲሁ። ፓትርያርኩ ዘወር ብለው ቢፈልጉት ስምዖን የለም። ሄዷል።

ዛሬ በካይሮ ሙቀጠም ተራራ ላይ፣ በዐለት ዋሻ ውስጥ፣ ሺዎችን የሚይዝ ቤተ ክርስቲያን በስሙ ቆሟል። በዙሪያው ያለው ሰፈር የከተማዋን ቆሻሻ እየሰበሰቡ የሚያድሩ ሰዎች መኖሪያ ነው። ከዚያ የተሻለ ሰፈር ለእሱ የሚገኝ አይመስለኝም።

«አባቴ፣ ተራራውን ያነሣው የሦስቱ ቀን ጾም ነው ወይስ የዓመታቱ ውኃ?» ብዬ ጠየቅሁ። ስኒያቸውን አስቀምጠው መስቀላቸውን አሳለሙኝና ተነሡ። መልስ አልሰጡኝም።

በሉ ቶናው ይምጣ።

ዘንድሮ እንግዲህ ጾሙን በሌላ መንገድ ያዝሁት። ማታ ስልኬን ወጥ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ደረሰው የሚባለው ይህ ጸሎት ለሰባቱ ዕለት የተከፈለ ነው፤ የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከዚያ ሳልናገር ጥቂት እቆማለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት እጅግ ከበደኝ። አፌ ከመጽሐፉ ጋር፣ ሐሳቤ ገበያ። ለንስሐ አባቴ ስልክ ደውዬ አማረርሁ። «ጥጃ ካመለጠ ሄደሽ ትመልሺዋለሽ እንጂ ቁጭ ብለሽ አታለቅሺም» አሉኝ። እየሄድሁ እመልሳለሁ። አንዳንድ ሌሊት አሥር ጊዜ፣ አንዳንድ ሌሊት ከዚያ በላይ።

ከንስሐ አባቴ በቀር ለማንም አላወራሁም ነበር፤ አሁን ለእናንተ መንገሬ ራሱ ትንሽ ያሳስበኛል። ሊጥ የሚቦካው ተከድኖ ነው። እናቶቻችን ቡሃቃውን ጓዳ ያስገቡትና ይከድኑታል፤ ቦካ አልቦካ እያሉ በየሰዓቱ ክዳኑን አይገልጡትም።

በልደቱ ታሪክ ውስጥም ይህ አለ። መላእክት ይዘምራሉ፤ እረኞች ሮጠው መጥተው ያዩትን ያወራሉ፤ የሰማው ሁሉ ይደነቃል። በዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል ወንጌላዊው ሉቃስ አንዲት ዝም ያለች እናት ያሳየናል። የሆነውን ሁሉ በልቧ ትይዘው፣ ታሰላስለው ነበር ይለናል። ወልዳ በጨርቅ ጠቅልላ በግርግም ያስተኛችው እሷ ናት። ለማውራት ከእሷ የሚቀድም ማን ነበር? የዘንድሮ ጾሜን ሙሉ ከዚህች ቦታ አላለፍሁም። የእንግዶች ማረፊያ ሞልቶ ነበር። የእኔ ልብ አምና እንደነበረው።

ቤተ ክርስቲያንም ልባችንን አንድ ጊዜ ወደ በዓሉ አትወረውረውም። ከልደት በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ይባላሉ። በመጀመሪያው ነቢያት ይመጣል ያሉት ይነገረናል። በሁለተኛው ብርሃን እንዲላክለት ከለመነው ከዳዊት ጋር ጨለማችንን እናስባለን። በሦስተኛው የጠፉ በጎች መሆናችንን አውቀን እረኛ እንፈልጋለን። እኔ ለራሴ በየሳምንቱ አንዷን ቃል ብቻ ይዤ እውላለሁ፤ ታክሲ ሰልፍ ላይም፣ ድስት ሳማስልም።

ባሕር ማዶ ያላችሁ ደግሞ፣ እናንተን ሳስብ አንድ ነገር ያስቀናኛል። የፈረንጆቹ ገና በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ነው። የመሥሪያ ቤቱ ግብዣ፣ የሱቁ ሙዚቃ፣ የስጦታው ግርግር ሁሉ በዚያ ቀን ያበቃል። ያ ግርግር ሲያበቃ ለእናንተ በዓል ገና 13 ቀን ይቀራል። ጾመኛ መሆናችሁን ለባልደረባ ማስረዳት አድካሚ መሆኑን እኅቴ ነግራኛለች። ግን ያንን ጸጥ ያለ 13 ቀን እዚህ ብናገኘው!

በረካውን ሳትጠጡ አትነሡ፤ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል።

እኛ ሕንፃ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በመጣም ቀን ግፊቱ አራተኛ ፎቅ አያደርሰውም። እዚያ ብቻቸውን የሚኖሩ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት አሉ። ጾሙ ከገባ ወዲህ ጠዋት በራቸውን ሲከፍቱ ሁለት የሞላ ጀሪካን ደጃፋቸው ላይ ያገኛሉ። «አንቺ ነሽ?» ብለው ያዙኝ። አይደለሁም አልኋቸው፤ አይደለሁምም። ጥበቃውን ጠየቁት፤ እሱም አላየም።

እኔ ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለጸሎት ስቆም ደረጃው ላይ ኮቴ እሰማለሁ። ሸክም የያዘ ሰው ኮቴ ነው፤ በየፎቁ ትንሽ እያረፈ ይወጣል፤ ከዚያ ጀሪካኑ ሲሚንቶ ላይ ሲቀመጥ ይሰማኛል። ከደረጃው እስከ በሬ ሁለት እርምጃ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሄጄ እጄን እጀታው ላይ አሳርፌ ነበር። መለስሁት። አሁን ኮቴው ወርዶ እስኪጠፋ እጠብቅና ካቆምሁበት እቀጥላለሁ።