ስለ መናፈሻና ስለ መጫወቻ ሜዳ

ሰው ሥራውን ሲፈጽም የሚያርፍበት፥ ልጅም ትምህርቱን ሲጨርስ የሚጫወትበት ስፍራ ያስፈልገዋል። ይህን ነገር በመምህርነት ዘመኔ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ ነግሬአለሁ። ነገር ግን የሚመክር ሁሉ ምክሩን የሚጠብቅ አይደለምና፥ ሌላውን ከመምከሬ አስቀድሞ እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ልናገር።

ከብዙ ዓመታት በፊት በማስተምርበት ትምህርት ቤት አጠገብ አንድ ሜዳ ነበረ። ቦንጋ በኮረብታ ላይ የተሠራች ከተማ ስለ ሆነች ደልዳላ መሬት እንደ ልብ አይገኝባትም። ስለዚህ ያ ሜዳ ለሰፈሩ ልጆች ትልቅ ሀብት ነበር። ወደ ማታ በጨርቅ ኳስ ይጫወቱበታል፤ ሽማግሌዎችም በዳር ካለው ዋንዛ ሥር ተቀምጠው ይመለከታሉ። በኋላ ትምህርት ቤቱን ገንዘብ ቸገረውና በሜዳው ላይ የሚከራዩ ሱቆች ይሠሩ የሚል አሳብ ቀረበ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ እኔ ነበርሁ። «ባዶ መሬት ምን ይረባል?» ተባለ። እኔም ነገሩ ልቤን ቢከብደውም ብቻዬን መቃወሙን ፈርቼ እጄን አወጣሁ።

ከኪራዩ በተገኘው ገንዘብ መጻሕፍትና ወንበሮች ተገዙ፤ ይህን አልክድም። ልጆቹ ግን ጨዋታቸውን ወደ መኪና መንገድ ወሰዱት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከተማሪዎቼ አንዱ ኳስ ሲከተል መኪና ገጨውና እግሩ ተሰበረ። ሕይወቱ ተረፈ፤ እስከ ዛሬ ግን ያነክሳል። በመንገድ ባገኘኝ ቁጥር ቆሞ በአክብሮት እጅ ይነሣኛል። እርሱ በዚያ ቀን እጄን ማውጣቴን አያውቅም ነበር፤ እኔ ግን አውቃለሁ።

አንዳንድ ሰው፥ «ከፋ የደን አገር ነው፤ ለቦንጋ ደግሞ መናፈሻ ምን ያደርግላታል?» ይላል። ደኑ ግን ለሕፃን ልጅና ጉልበቱ ለደከመ ሽማግሌ ሩቅ ነው። ይልቁንስ ደኑ ራሱ ምን እንደሚያስተምረን እንመልከት። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዘገበ። አጠባበቁም እንዲህ ነው፦ በመካከል ሰው የማይነካው እምብርት አለ፤ በእርሱ ዙሪያ በልክ የሚጠቀሙበት ክፍል አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ይሆናል። እምብርቱ ከተነካ የቀረውም ውሎ አድሮ ይጠፋል። ከተማም እንደዚሁ ማንም የማይነካው እምብርት ያሻታል።

አዲስ አበባ ስትሰፋ ብዙ ክፍት ቦታዋን ለሕንፃ አሳልፋ ሰጥታለች። በእነዚህ ዓመታት ግን ስለ መናፈሻ የተደረገው ሥራ የሚያስደስት ነው። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ ተመረቀ፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያም እንጦጦ ፓርክ ተከተለው። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የወንዝ ዳርቻ የማስዋብ ሥራም ተጀመረ። ዘመዶቼን ልጠይቅ ሄጄ ሳለሁ ተመልክቼ ተደስቻለሁ። ሆኖም የአንድነት ፓርክ መደበኛ መግቢያ ሲከፈት 200 ብር ነበርና፥ ብዙ ልጆች ያሉት ድኻ አባት በየእሑዱ እንዴት ይወስዳቸዋል? ብዬ አሰብሁ። ስለዚህ ከሚያማምሩት መናፈሻዎች ጋር በየሰፈሩ ገንዘብ የማይጠየቅበት ሜዳ ሊኖር ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ የጃን ሜዳ ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ፥ ሕዝብ ተጨናንቆ በበሽታው እንዳይያዝ የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው ተነሣ፤ ሜዳውም ጸድቶ ታቦታቱን ተቀበለ። እንግዲህ ባዶ የተባለው ሜዳ በክፉ ቀን ከተማውን አገለገለ፤ ሲጨርስም ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ። ሊመለስ የቻለውም የድንጋይ ግንብ ስላልተሠራበት ነው። የእኛ ሜዳ ግን ላይመለስ ሄደ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲቋቋም ቦንጋ ከክልሉ ማዕከሎች አንዷ ሆናለች። ከተማ ማዕከል ሲሆን ሰው ይበዛል፤ ሰው ሲበዛ መሬት ይወደዳል፤ መሬት ሲወደድ ክፍት ቦታ ሁሉ ለዓይን እንደ ብክነት ይታያል። የሚያስፈራውም ጊዜ ይህ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ! አንተም አንቺም ነገ መሐንዲስ፥ ሹም፥ ወይም እንደ እኔ የኮሚቴ አባል ትሆናላችሁ። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህ ባዶ መሬት ነው» ቢላችሁ፥ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ወደ ማታ ሄዳችሁ ማን እንደሚጫወትበት ተመልከቱ። ያያችሁትንም ብቻችሁን ብትሆኑ እንኳ ሳትፈሩ ተናገሩ።

ይህን ከመጻፌ በፊት ወደዚያ ተማሪዬ ቤት ሄጄ ያደረግሁትን ነገርሁትና ይቅርታ ለመንሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፥ «ጋሼ፥ ያለፈው አለፈ። አሁን ልጄ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ እርሱስ የት ይጫወት?» አለኝ። የምመልስለት ቃል አጣሁ። በማግሥቱ ግን ሁለታችን አብረን፥ በሰፈራችን የቀረችው አንዲት ትንሽ ሜዳ ለልጆች ተከልላ እንድትጠበቅ የሚለምን ማመልከቻ ጽፈን ፈረምን። መልሱን እየጠበቅን ነው።