ማሃሌ፦ ጭምብል ለቺምፓንዚ

ታንዛኒያ ሲባል ቀድመው ትዝ የሚሉዎት ሴሬንጌቲና ዛንዚባር ይሆናሉ። የማሃሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ግን መንገድ የለውም። በትንሽ አውሮፕላን፣ ወይም ከኪጎማ ተነስተው በታንጋኒካ ሐይቅ ላይ በጀልባ ይደርሱበታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በእግር ነው።

የጃፓን ተመራማሪዎች እዚህ ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1965 ስለሆነ አንደኛው የቺምፓንዚ መንጋ ሰው ለምዷል። ቢለምድም እንደ ሰሜን ተራሮች ጭላዳ ሜዳ ላይ ሣር እየነጨ አይጠብቅዎትም። አስጎብኚዎ ጩኸታቸውን እያዳመጠ ዳገቱን ያስወጣዎታል፤ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴ ግማሽ ቀን። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ደረቅ ወቅት ወደ ሐይቁ ስለሚጠጉ ድካሙ ይቀላል።

ሲደርሱ ጭምብል ያደርጋሉ፤ ለራስዎ ሳይሆን ለእነሱ። እኛን ሁለት ቀን አስነጥሶ የሚተወን ጉንፋን ቺምፓንዚን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ያመመው ሰው የቱንም ያህል ገንዘብ ቢከፍል ከካምፕ ይቀራል። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም አይገቡም። ሥራዬ ገበያ ማፈላለግ ነው፤ ደንበኛ የሚመልስ ደንብ ብዙም አይጥመኝም፤ ይህን ግን ወድጄዋለሁ። ትንሹ ልጅዎ ቢያኮርፍም ጥቂት ዓመት ይታገሥ።

የሚፈቀድልዎት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ካሜራዎን ቶሎ ያስቀምጡና እናቲቱ የልጇን ፀጉር በጣቶቿ እየገለጠች ስታጸዳ ይመልከቱ።