ሸራ የለበሰው የሸጎሌ ሞተር

ሸጎሌ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ፣ በእንጦጦ ግርጌ በጉለሌ በኩል ያለ ብርዳም ሰፈር ነው። ጠዋት የባሕር ዛፍ ጭስ ይሸታል፤ አንበሳ አውቶቡሶች ከዴፖው ተራ በተራ ሲወጡ ደግሞ የናፍጣው ሽታ ይጨመርበታል። እኔና ባለቤቴ በወር አንድ ጊዜ ወደዚያ እንሄዳለን። በሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት ወደ ጸሎት ቤት መምጣት የተሳናቸውን አረጋውያን ለመጠየቅ ነው።

መንገዱን እወደዋለሁ። የታክሲው ረዳት «ፓስተር! ፓስተር አለ!» ብሎ ሲጮኽ ባለቤቴ ከኋላ ወንበር ቀና ይላል። ከሃያ ዓመት አገልግሎት በኋላ እንኳ አልለመደውም! ሰፈሩ ግን ስሙን ያገኘው ከአገልጋይ ሳይሆን ከፈረንሳዊው ሳይንቲስት ከሉዊ ፓስተር ነው። በስማቸው የተጠራው የምርምር ተቋም የነበረው እዚያ ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለበት። ዊንጌት ደግሞ የተሰየመው በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት ነው። ይህ ሰው በ1933 ዓ.ም. ከአርበኞቻችን ጋር በጎጃም በኩል የተዋጋውን ጦር «የጌዴዎን ኃይል» ብሎ ጠርቶታል፤ መጽሐፍ ቅዱስ ሲነበብበት በኖረ ቤት ያደገ ሰው ነበርና። ሸጎሌም ቢሆን የሰው ስም ነው። የቤኒሻንጉሉ ገዢ ሼኽ ሆጀሌ አል ሐሰን በዚያ ቤት ነበራቸው፤ «ሼኽ ሆጀሌ» የሚለው ስም በአዲስ አበባ ሰው አፍ ሲመላለስ ሸጎሌ ሆኖ ቀረ። ስንቶቻችን ነን የምንኖርበትን ሰፈር ስም እየጠራን ማን እንደሆነ የማናውቀው?

አሁን ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን በዚያ ሰፈር ስላለ አንድ ግቢ ነው። ባለቤቶቹ ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ «ስማችንን ግን ተዪው» ብለውኛል። ስለዚህ አባባና እማማ ብዬ ልቀጥል።

አባባ ሰማንያ ዓመት ሊደፍኑ ነው፤ እማማ ከሰባ አልፈዋል። ሃምሳ ዓመት በትዳር ኖረዋል። በግቢያቸው ከማድቤቱ ጎን በቆርቆሮ የተከለለች አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ በውስጧም ሸራ የለበሰ ሞተር ሳይክል ቆሟል። ዶሮዎች ይሰፍሩበታል። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን እማማ ብሶታቸውን ጀመሩልኝ።

«ልጄ፣ ቆራሌው በኪሎ እወስደዋለሁ ብሎኛል። ቦታውን አጽድቼ አንድ ክፍል ብሠራበት ይከራይልኛል። እሱ ግን አይሸጥም፣ አይጠገንም፣ አይነካም ይላል። ምን ዓይነት ሞተር እንደሆነ እንኳ ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም።»

አባባ «የአባቴ ነው» ብለው ዝም አሉ። እማማ የቀረውን ሞሉት፤ ከአማታቸው እንደሰሙት፣ ነጻነት በተመለሰ ጊዜ እንግሊዞች ለአባባ አባት የሰጧቸው ነው።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ አርፌ መቀመጥ አይሆንልኝም። ተነሥቼ የሸራውን ጫፍ ገለጥ አደረግሁት። ክብ የፊት መብራት ወጣ። በነጠላዬ ጫፍ ስጠርገው በላቲን ፊደል «ሉካስ» የሚል ጽሑፍ አነበብሁ። ሉካስ የእንግሊዝ የመብራት ፋብሪካ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያማ ማን ይቻለኝ! «እማማ፣ እውነትም የእንግሊዝ ጦር ሞተር ነው! ቢኤስኤ ሳይሆን አይቀርም፤ በጦርነቱ ጊዜ ከ120,000 በላይ ሠርተዋል። እንዲህ ያለ ቅርስ በኪሎ ይሸጣል እንዴ?» አልኩ።

አባባ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በቀስታ መጡና ሸራውን መልሰው አወረዱት።

በመመለሻችን ላይ ባለቤቴ «የሰው ሸራ አትግለጪ» አለኝ። እኔ ሳቅሁ።

ሳቄን ብቻ ሳይሆን ቀጥሎ ያደረግሁትንም መናዘዝ አለብኝ። በቤተ ክርስቲያናችን አንድ ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ። በወጣትነታቸው ሙያውን የተማሩት ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይገባ እዚሁ በቀረ ጣሊያናዊ ጋራዥ ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ወር እርሳቸውን ይዤ ሄድሁ። ለእማማ በስልክ ነግሬያቸዋለሁ፤ አባባን ግን አልጠየቅሁም። ሚስትን አስፈቅዶ ባልን መዝለል ምን ማለት እንደሆነ፣ ስለ ትዳር የማስተምር ሴት ሆኜ፣ ሳይገባኝ ቀርቶ ነው?

መካኒኩ ጋሼ ሸራውን ሙሉ በሙሉ ገፈፉት። አባባ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔ ደግሞ ትክክል መሆኔን ለማሳየት ቸኩዬ በአንድ ብር ሳንቲም የሰርባቲዮውን አረንጓዴ ቀለም እፍቅ ጀመር። ቢኤስኤ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ነበር የምፈልገው።

«እህቴ፣ አትድከሚ» አሉኝ መካኒኩ። «እንግሊዝ ሲሊንደሩን ያቆመዋል። ቢኤስኤም ኖርተንም ብታዪ ሲሊንደሩ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው። ይሄን ተመልከቺ፤ ወደ ፊት ተኝቷል።»

እውነት ነው፤ ወፍራሙ ሲሊንደር ወደ ፊተኛው ጎማ አቅጣጫ ጋደም ብሏል። ቀጥለው በግራ በኩል ያለውን ትልቅ የብረት ክብ ነኩ። «ይሄ ደግሞ ቮላኖው ነው። በሌላ ሞተር ሆድ ውስጥ ነው የሚደበቀው፤ እዚህ ውጭ ላይ ነው።» ከዚያ ጎንበስ ብለው ከሞተሩ በታች አዩ፤ የኋላውን ጎማ የሚያቅፉት ሞላዎች እዚያ ታች ተቀምጠዋል። በዚያ ጦርነት እንግሊዞች የነዷቸው ሞተሮች ከኋላ በኩል ሞላ የላቸውም ነበር፤ ድንጋይ ሲመታ ለነጂው ወገብ ኮርቻው ብቻ ነው ያለው። በመጨረሻ ከሰርባቲዮው ጎን ያለውን የእጅ ማርሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሞክረው ቦታዎቹን ቆጠሩ፤ ሦስት። «አራት ቢሆን ኖሮ አልቼ የሚባለው በኋላ የመጣው ነው እል ነበር። ሦስት ከሆነ ጂቲ 17 ነው» አሉ። በእኔ ሳንቲም ሥር ደግሞ በዚያው ቅጽበት ሁለት ፊደላት ብቅ አሉ። ዜድ፣ እንደገና ዜድ።

«ጉዚ» አሉ መካኒኩ፣ እንደ ድሮ ወዳጅ ስም። «ሞቶ ጉዚ። የጣሊያን ወታደር ሞተር ነው።»

ዘወር ስል በረንዳው ላይ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። አባባ ወደ ውስጥ ገብተዋል።

ስለዚህ ሞተር በኋላ አንብቤአለሁ፤ ጥቂት ላካፍላችሁ። የሞቶ ጉዚ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1921 በሰሜን ጣሊያን በማንዴሎ ዴል ላርዮ ከተማ ተመሠረተ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተዋወቁ ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ ያቀዱት፤ ካርሎ ጉዚ፣ ጆርጆ ፓሮዲና አብራሪው ጆቫኒ ራቬሊ። ራቬሊ ሥራው ሳይጀመር እ.ኤ.አ. በ1919 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ የቀሩት ሁለቱ ለመታሰቢያው ክንፏን የዘረጋች ንስር የፋብሪካው ምልክት አደረጉ። ሲሊንደሩ የተኛው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነፋሱ በቀጥታ መትቶ እንዲያቀዘቅዘውና ክብደቱ ወደ መሬት እንዲቀርብ ነው። ውጭ ያለው ቮላኖ ደግሞ ትልቅና ከባድ ስለሆነ ሞተሩ በዝግታ ሳይንገጫገጭ እንዲጎትት ያደርገዋል፤ አፍቃሪዎቹ በቀልድ «ሥጋ መቁረጫው» ይሉታል። የኋላው ሞላ ሲፈለሰፍ ማንም አላመነበትም ነበር። ስለዚህ የካርሎ ወንድም ጁሴፔ እ.ኤ.አ. በ1928 ከፋብሪካው ተነሥቶ በዚያው ዓይነት ሞተር እስከ ሰሜን ኖርዌይ ጫፍ ድረስ ነድቶ አሳየ። ጂቲ 17 የዚያ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1939 ለጣሊያን ጦር ተሠርቷል፤ 500 ሲሲ ገደማ ነው። ወደ አገራችንም የመጣው ከወራሪው ጋር ነው። ከደሴ የተነሣው የማርሻል ባዶሊዮ የተሽከርካሪ ሰልፍ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር።

ቋንቋውም ከዚያ ዘመን ጀምሮ በጋራዦቻችን ቀርቷል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ሞላ እያልን ስንት ዘመን ጣሊያንኛ ስንናገር ኖረናል! በቃሉ ማንም አያፍርም። ሞተሩ ግን በአንድ ቤት ውስጥ ሌላ ነገር ነበር።

አባባን ፍለጋ የገባችው ባለቤታቸው ናት። እኛ ውጭ ቆመን ቀረን፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ከብዙ ደቂቃ በኋላ «ኑ፣ ግቡ» ተባልን።

«ልጄ፣ ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ» አሉኝ አባባ። «አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት የፈረንጅ ፊደል እንደተማርሁ መጀመሪያ ያነበብሁት እሱን ነው። እናቴ የእንግሊዝ ነው ስትለኝ ነው ያደግሁት። የሰፈር ልጆች ግን ስንጣላ የባንዳ ልጅ ይሉኝ ነበር። ጽሑፉን ሳነበው እውነታቸውን ነው አልሁ። ከአናጢ ቀለም ለምኜ ቀባሁት፣ ከዚያ ሸራ አለበስሁት።»

ባንዳ የሚለው ቃል ለዛሬ ወጣት ተራ ስድብ ሊመስል ይችላል። በእነርሱ ልጅነት ግን የካቲት 12 ቀን 1929 በተጀመረው ጭፍጨፋ አባቱን ያጣ ሰው በየአጥሩ ነበር።

አባታቸው የሞቱት አባባ የአምስት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። እናታቸው «እንግሊዝ ሰጠው» ይላሉ። አንድ አጎታቸው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ «አባትህ በጣሊያን ጋራዥ ብረት ተሸካሚ ነበር» ብለዋቸዋል። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። «የቱን ልያዝ? ብሸጠው አባቴን የሸጥሁ ይመስለኛል፤ ባወጣው ደግሞ ያዋርደኛል» አሉ።

መካኒኩ ጋሼ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እርሳቸው ተጠግተው ተቀመጡ። እንግሊዞች መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ የጣሊያን ንብረት ሁሉ በእጃቸው እንደወደቀ፣ ብዙውን ከአገር እንዳወጡት፣ የቀረውም ከእጅ ወደ እጅ እንደዞረ ነገሯቸው። «እንግሊዝ የጣሊያንን ሞተር ለአንድ ሰው ቢሰጥ ምን ይገርማል? የእናትዎም ቃል ሊቆም ይችላል፣ የአጎትዎም። አባትዎ ጋራዥ ውስጥ ብረት ተሸክመው ሊሆን ይችላል፤ በኋላም ተሰጥቷቸው ሊሆን ይችላል።» እኔም ቶሎ ብዬ የሉካስን መብራት አነሣሁ፣ ማስረጃ ያገኘሁ መስሎኝ። መካኒኩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መብራት ምስክር አይሆንም፣ እህቴ። ያኔ የተገኘው ነው የሚገጠመው። ይሄ ብረት የት እንደተሠራ እነግርዎታለሁ፤ ማን ምን ሊያደርግ እንደነዳው ግን አይናገርም።»

ጥሩ አድርገው ተናገሩ። እኔ ብሆን ኖሮ ለማጽናናት ብዬ እውነት ያልሆነ ነገር በጨመርሁ ነበር።

እማማ እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሱም። በመጨረሻ እጃቸውን በእጃቸው ላይ አጣጥፈው «እና ለዚህ ነው?» አሉ። «እኔ እኮ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከእኔ በፊት የነበረች ሴት ነገር ያለበት መስሎኝ ነበር!»

አባባ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሁላችንም ሳቅን። እማማ ግን ሳቃቸውን አልጨረሱትም፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ልጆቻችንን ስንድር፣ ሽማግሌ ፊት ተቀምጠን ዘር ሲቆጠር፣ አንተ ብቻህን ትፈራ ነበር ማለት ነው? እኔ ከጎንህ ተቀምጬ?» አሏቸው። አባባ መልስ አልነበራቸውም። የወጣነው ያኔ ነው፤ ባለቤቴ በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ በዚያን ቀን የሠራሁት ብቸኛው ትክክለኛ ነገር ቶሎ መነሣቴ ነው።

ውጭ ሳለን ሸራውን ላለብሰው ብዬ አነሣሁ፤ ከዚያ ምን እንደማደርግበት ግራ ገባኝና አጣጥፌ ከማድቤቱ በር አጠገብ አስቀመጥሁት።

ይቅርታ የጠየቅኋቸው በሚቀጥለው ጉብኝት ነው፤ አስቀድሜ ደውዬ፣ መምጣት እንችል እንደሆነ አባባን ራሳቸውን አስፈቅጄ። ሸራው የለም። እማማ በቤንዚን የራሰ ጨርቅ ይዘው የቀረውን አረንጓዴ ቀለም እያስለቀቁ ነበር፤ ቀኝ እጃቸው እስከ ክርናቸው አረንጓዴ ሆኗል። የሚከራየውን ክፍል በሌላው አጥር በኩል ሊሠሩት ነው፤ ጠበብ ይላል፣ ግን ይሆናል አሉኝ። አንዲት ዶሮ ኮርቻው ላይ ተቀምጣለች፤ እርሷን ማንም አላስነሣትም።

ቡናው ሁለተኛ ሲቀዳ ከበር «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እማማ ቀና ሳይሉ «የለንም!» ብለው መለሱ። አባባ ደግሞ መካኒኩን ስለ ካንዴላው ይጠይቁ ነበር፤ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ እሳት ይሰጥ እንደሆነ። መካኒኩ ጋሼ ፈትተው በመሐረባቸው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። ለሚቀጥለው ወር ቀጥረውናል።